በክረምት ማታ እንቁራሪትን ፎቶ እንዴት እናነሳለን?

ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዳባራ ቀበና ወይም ግንፍሌ አካባቢ መስኮት ከፍታችሁ አዳምጡ። የመኪናው ጫጫታ ሲቀንስ የእንቁራሪቶቹ ይቀጥላል። ብዙዎቻችን ድምፃቸውን እየሰማን አድገን መልካቸውን በቅጡ አላየንም። ለማየት ደግሞ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም።

ቦታውን በቀን ምረጡ። ወንዝ ውስጥ ግን አትውረዱ፤ የአዲስ አበባ ወንዞች በክረምት ድንገት ይሞላሉ፣ ውሃቸውም ንፁህ አይደለም። ሣር መሃል የተኛ የዝናብ ውሃ ወይም የግቢ ኩሬ ይበቃል። መናፈሻ ወይም የሰው ግቢ ከሆነ ጥበቃውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። በጨለማ ባትሪ ይዞ ሣር ውስጥ የሚያጎነብስ ሰው ያስደነግጣል። «ጋሼ፣ እንቁራሪት ፎቶ ላነሳ ነው» በሏቸው። የት የት እንደሚጮኹ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ከጓደኛ ጋር ሂዱ። ስትጠጉ ሁሉም ዝም ይላሉ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ባትሪውን አጥፉና ቁጭ በሉ። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም አስር። አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። የሚጮኸው ወንዱ ነው። በሳይንስ ስማቸው ፕቲካዴና የሚባሉት የሣር እንቁራሪቶች ሲጮኹ ከአፋቸው ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት እንደ ፊኛ ይነፋል። ያቺን ቅጽበት መያዝ ለእኔ ከምንም ፎቶ ይበልጣል።

አሁን ላስቲክ አንጥፋችሁ በሆዳችሁ ተኙ። ቆሞ ከላይ የተነሳ እንቁራሪት ጭቃ ላይ የወደቀ ቅጠል ይመስላል። ሌንሱ ከዓይኑ ጋር እኩል ሲሆን ግን ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ፎከሱም ዓይኑ ላይ ይረፍ። ዓይኑ ከደበዘዘ ሌላው ቢያምርም ፎቶው አይሆንም። ዓይን ዘሩንም ይጠቁማል፤ በፕቲካዴና ብሌኑ አግድም ነው። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የምትባለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የማትገኘው እንቁራሪት ደግሞ እንደ ድመት ቀጥ ያለ ብሌን አላት።

ካሜራ ካላችሁ በፍላሽ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ክፍተት) ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ጥሩ መነሻ ነው። ቆዳቸው እርጥብ ስለሆነ ፍላሹ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ፍላሹን በስስ ነጭ ጨርቅ ሸፍኑት። በስልክ ከሆነ የስልኩን ፍላሽ ተዉት፤ ጓደኛችሁ ባትሪውን በነጭ ፌስታል ጠቅልሎ ከጎን ይያዝላችሁ። ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። ጥቂት ካነሳችሁ በኋላ ባትሪውን አጥፍታችሁ አሳርፏቸው።

በእጃችሁ አትያዟቸው፣ ለፎቶ ብላችሁም ቦታ አታስቀይሯቸው። እንቁራሪት በቆዳው ይተነፍሳል፣ ውሃም በቆዳው ይስባል። እጃችን ላይ ያለው ሎሽንና ሳኒታይዘር ሊጎዳው ይችላል። ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላ ስትሄዱ ጫማችሁን አጥባችሁ አድርቁ። ኪትሪድ የሚባለው እንቁራሪት ገዳይ ፈንገስ በአገራችን ደጋዎችም ተገኝቷል።

ቤት ስትገቡ ኦሪጅናሉን ሳትነኩ ኮፒውን ስናፕሲድ ወይም ላይትሩም በሚባሉት የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያዎች ላይ ክፈቱ። ስትቆርጡ ከፊቱ አቅጣጫ ክፍት ቦታ ተዉለት። የሚያንጸባርቀውን ክፍል ብርሃን ቀንሱ። ባትሪው ቢጫ ካደረገው ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለሙን ሚዛን፣ አስተካክሉ። አረንጓዴውን ግን አታጋንኑ፤ የክረምት ሣር በራሱ ይበቃዋል። መጀመሪያ ኖይዙን፣ ማለትም በጨለማ ፎቶ ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ፣ በትንሹ ቀንሱ፣ ከዚያ ዓይኑን ብቻ ሻርፕ አድርጉ። የእንቁራሪቱን ጀርባ አታለስልሱት። ዘሩን ለመለየት የቆዳው መስመርና እብጠት ያስፈልጋል። ጭቃውንም አታጥፉት፤ ቤቱ ነው።

በመጨረሻ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሰፈሩን ከፎቶው ጋር ጻፉ። ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት ፎቶ እያጋሩ ዘሩን በሚለዩበት አይናቹራሊስት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጫኑት፣ ትክክለኛ ቦታውን ግን ደብቁ። ድምፁንም በስልክ ቀድታችሁ ከሆነ አብራችሁ አስገቡት። መልካቸው የሚመሳሰል እንቁራሪቶች ብዙ ጊዜ የሚለዩት በጩኸታቸው ነው።