አፍንጫው የተመታ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ኳስ ሜዳ ላይ ክርን ያረፈበት፣ ከባጃጅ የወደቀ፣ በጠብ መሃል የተመታ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ተሰብሯል እንዴ? ራጅ አንሱኝ!» ተረኛ ባልደረቦቼ፣ የአፍንጫ ስብራት የሚለየው በዓይንና በእጅ ነው። ራጁ ሕክምናውን ብዙም አይቀይረውም። አተነፋፈሱን፣ ንቃቱንና አንገቱን ካያችሁ በኋላ ባትሪ አብሩና የአፍንጫውን ውስጥ እዩ።

ደሙ አልቆም ካለ

አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው ከፊት በኩል፣ መሃለኛው ግድግዳ ላይ ካሉት ቀጫጭን ደም ስሮች ነው። ብዙ ሰው ግን አጥንቱን ይይዛል፣ ቀና ይላል። ቀና ሲል ደሙ ሆዱ ይገባና ያስመልሰዋል። ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። ለስላሳውን ክፍል በሁለት ጣቱ ጠበቅ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዝ። «ቆመ ወይ?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ አይረዳም። ካልቆመ ደም ስር በሚያጠበው አድሬናሊንና በሚያደነዝዘው ሊዶኬይን የራሰ ጎዝ፣ እሱም ካልሠራ አፍንጫውን መጠቅጠቅ ነው። ደም ማቅጠኛ ይወስድ እንደሆነም ጠይቁ።

አፍንጫው ከተደፈነና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ

እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መሃለኛው ግድግዳ ውስጥ ያለው ካርቲሌጅ (ለስላሳው አጥንት) የራሱ ደም ስር የለውም። የሚመገበው ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። በሁለቱ መሃል ደም ሲቋጥር ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ካርቲሌጁም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። መግል ከያዘ ደግሞ ይፈጥናል። ውጤቱ ዕድሜ ልክ የሚቀር የተሰረጎደ አፍንጫ ነው። ልጆች ላይ እድገቱንም ያበላሻል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ይህ ሊኖር ይችላል።

ሁለቱንም ቀዳዳ እዩ። ቀላ ወይም ሰማያዊ ያለ እብጠት ካለ ጫፉ ጥጥ ባለው እንጨት ነካ አድርጉት። ከሰረጎደና አድሬናሊን ተደርጎበትም ካልቀነሰ የተቋጠረ ደም ነው። «ነገ ና» አይባልም። በማደንዘዣ ተከፍቶ ይፍሰስ፣ ተመልሶ እንዳይሞላ ይጠቅጠቅ፣ አንቲባዮቲክ ይጀመር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይታይ። የሚከፍተው ሰው ከሌለ የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት በዚያው ሰዓት ሪፈር ጻፉ። አይታችሁ ካላገኛችሁም ማየታችሁን ካርዱ ላይ አስፍሩት።

አፍንጫው ከተጣመመ

የመጀመሪያ ቀን እብጠቱ ሁሉን ይሸፍናል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ማስታገሻ፣ ከፍ ያለ ትራስ ይበቃል። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይመለስና ከመታወቂያው ፎቶ ጋር አስተያዩት። ማቃናት ካስፈለገ ለአዋቂ በ2 ሳምንት፣ ለልጅ ግን በሳምንት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አጥንቱ እንደተጣመመ ይገጥማል። ቆዳው ከተቀደደ ማጠብና የቴታነስ ክትባት አይረሳ።

ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ

ጎንበስ ሲል የሚንጠባጠብ፣ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ ከአንጎል ዙሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከሆነ የራስ ቅሉ ወለል ተሰንጥቋል ማለት ነው። አይናፈጥ። በአፍንጫው ምንም ቱቦ አይግባ። ሲቲ ስካን ይነሳ፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይጠራ። ሁለት ሁለት የሚያይ፣ ጥርሱ አልገጥም ያለው ወይም ጉንጩ የደነዘዘ ሰውም ሌላ የፊት አጥንቱ ሳይሰበር አይቀርምና ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል።