ተንቀሳቃሽ ሶላር ስትገጣጥሙ እነዚህን አትድገሙ

ሐዋሳ ላይ ሶላር በሳጥን የሚገጣጥም ሰው በዝቷል። ደስ ይላል። መብራት ሲጠፋ ለቤት፣ ገጠር ሲወጣ ለአምፖልና ለሞባይል ይሆናል። ለጥገና የሚመጣልኝ ግን ሁሌ ያው ብልሽት ነው፤ ሽቦ።

«12 ቮልት ምን ያደርጋል? አይነዝር!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አይነዝርም። ያቃጥላል እንጂ። 300 ዋት ለ12 ሲካፈል 25 አምፒር ነው፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው) ራሱ የሚበላው ሲጨመር ወደ 30 ይጠጋል። ያንኑ 300 ዋት ከግድግዳው 220 ቮልት ብትወስዱት አንድ ተኩል አምፒር እንኳ አይሞላም። ሽቦን የሚያግለው አምፒሩ ነው፤ ስለዚህ ለቤት ሶኬት የበቃው የ2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ እዚህ አይበቃም።

ባለፈው አንድ ልጅ ያመጣውን ሳጥን ስከፍት የቀዩ ሽቦ ላስቲክ ቀልጦ ኮምፔርሳቶው ላይ ተጣብቋል። መጋጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሏል። «ፊውዙስ?» አልኩት። «ኢንቨርተሩ ውስጥ አለ» አለኝ። ወንድሜ፣ እሱ የሚጠብቀው ኢንቨርተሩን ነው! ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ መንገድ ላይ ተልጦ ቢነካካ ማን ያቆመዋል? ለ300 ዋት ቢያንስ የ10 ሽቦ፣ ከአንድ ሜትር ያጠረ፣ 40 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጥግ። ጫፉን በተርሚናል ጨምቃችሁ በብሎን እሰሩት።

«ምጣድ ይችላል?» አይችልም። ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይጎትታል።

ፓኔሉን 40 ዲግሪ የምታቆሙ ደግሞ አላችሁ። ያያችሁትን ቪዲዮ የሠራው ሰው አውሮፓ ነው ያለው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ቢል ይበቃዋል፣ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል። በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ወደዚያ አዙሩት።

ኮንትሮለር (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው) ላይ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓኔል እሰሩ። ስትፈቱ በተቃራኒው።

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። በየቀኑ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜ አይኖረውም። ገንዘቡ ካለ ሊቲየም ግዙ። ከሌለም ውሃ የሚጨመርበትን ባትሪ ሳጥን ውስጥ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት፤ ቻርጅ ሲሆን የሚያወጣው ሃይድሮጂን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። ከላይ በኩል ቀዳዳ ብሱለት፣ ኢንቨርተሩንም ሌላ ክፍል ውስጥ አድርጉት።