ዲዛይን ለመማር ስታመለክቱ፦ ውጤትና ፖርትፎሊዮ እንዴት ይመዘናሉ

አሜሪካ ባለው የሐበሻ ቤት ትምህርት ሲባል ቀድሞ የሚጠየቀው ውጤት ነው፤ ሥዕል ከቤት ሥራ በኋላ ይደርሳል። ልጅ «ዲዛይን ልማር» ሲል ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚወስነው የሚያመለክትበት ትምህርት ቤት ነው።

1. ትምህርት ቤቶቹን በአመራረጣቸው ለዩ

እንደ ሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይን (ሪዝዲ) እና እንደ ኒውዮርኩ ፓርሰንስ ባሉ ቦታዎች የሥራችሁ ስብስብ፣ ማለትም ፖርትፎሊዮው፣ ትልቅ ክብደት አለው። ትራንስክሪፕታችሁም ይነበባል፤ ነገር ግን ጥሩ ውጤት ደካማ ሥራን አያድንም። እንደ ካርኔጊ ሜለን ባለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላለ የዲዛይን ክፍል ሁለቱም መጠንከር አለባቸው። አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ተማሪውን በውጤት ይቀበሉና፣ ዲዛይን የሚገባውን በኋላ እዚያው በሠራው ሥራ ይለያሉ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ ሲመጣ የዲዛይን ክፍሉም ተቀብሏችሁ እንደሆነ አረጋግጡ።

2. ውጤቱን አትልቀቁ

የሚታየው አማካይ ነጥብ ብቻ አይደለም፤ የወሰዳችኋቸው ትምህርቶች ክብደትም፣ ውጤቱ ከዓመት ዓመት መሻሻሉም ይታያል። ወላጆች ይህን ልብ በሉ፦ ብዙ ቦታ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ውጤትም ይቆጠራል።

3. ፖርትፎሊዮውን ሥሩ

ሪዝዲ ከ12 እስከ 20፣ ፓርሰንስ ከ8 እስከ 12 ሥራዎች ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ የምታመለክቱበትን ዓመት መመሪያ ግን ራሳችሁ አንብቡ። ቁጥሩን ለመሙላት ብላችሁ ደካማ ሥራ አትጨምሩ።

በዓይን እያዩ መሳል ከሁሉ በፊት ይምጣ። ከአኒሜ ወይም ከስልክ ፎቶ የተገለበጠ ሥዕል፣ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ማየት መቻላችሁን አያሳይም። ረከቦቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጡና በእርሳስ ወይም በከሰል ሳሉት። ጥቁሩ ጀበና ብርሃኑን ሲውጠው ሲኒው መልሶ ይረጨዋል፤ ያንን ልዩነት በወረቀት ላይ ማምጣት ብዙ ያስተምራል። ሪዝዲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመቱን በስዕል፣ በዲዛይንና በቅርጽ መሠረታዊ ትምህርት ነው የሚያሳልፈው፤ መሳል የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ አንድ ችግር ይዛችሁ ሥሩ። ለምሳሌ ጉልበቷን የሚያማት አያታችሁ ቡና ስታፈላ የምትቀመጥበት በርጩማ ዝቅ ይልባታል እንበል። የመጀመሪያ ንድፎቻችሁን፣ በካርቶን የሠራችሁትን ሞዴል፣ እሷ ተቀምጣ ከሞከረችው በኋላ የለወጣችሁትን ሁሉ አሳዩ። ያልተሳካውን አትደብቁ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከአሥር የሚያማምሩ ፖስተሮች ይልቅ ይህ አንድ በርጩማ ስለ አስተሳሰባችሁ የበለጠ ይናገራል።

4. ሥራችሁን በደንብ ፎቶ አንሡት

የቀን ብርሃን በቂ ነው፤ ፍላሽ አትጠቀሙ፣ ጠርዙም ቀጥ ይበል። በእያንዳንዱ ሥር የተሠራበትን ቁሳቁስ፣ መጠኑንና ዓመቱን ጻፉ።

5. ከማመልከታችሁ በፊት አሳዩት

«ናሽናል ፖርትፎሊዮ ዴይ» በሚባለው ዝግጅት ላይ የብዙ ትምህርት ቤቶች ተወካዮች ሥራችሁን ፊት ለፊት አይተው አስተያየት ይሰጣሉ። ሰልፉ ስለሚረዝም በጠዋት ድረሱ፤ ያላለቀ ሥራና የንድፍ ደብተራችሁንም ያዙ። 12ኛ ክፍል እስክትደርሱ አትጠብቁ። በ11ኛ ክፍል ከሄዳችሁ «ይህን አውጡት» የተባላችሁትን አውጥታችሁ በምትኩ ሌላ ለመሥራት አንድ ዓመት ይቀራችኋል።