ነጩ ከየት ጀመረ? የአክሮፖራ ሕመሞችና መፍትሔዎቻቸው

ጠዋት የአኳሪየሙ መብራት ሲበራ፣ ትናንት ማታ አረንጓዴ የነበረው አክሮፖራ፣ ቅርንጫፍ የሚያወጣው የባሕር ኮራል፣ አንድ ጎኑ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ከመደርደሪያው ጠርሙስ ያነሣና ውሃው ውስጥ ያንጠባጥባል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ነጩ ከየት እንደ ጀመረ ሳላይ ምንም አልነካም።

ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ነጭ ብዙ ጊዜ የእድገት ምልክት ናት። ኮራሉ አዲስ አጽም እየሠራ ነውና ተዉት። ቀለሙ ጠፍቶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ስስ ሥጋና ፖሊፕ (አበባ የሚመስሉት የኮራሉ ጥቃቅን አፎች) ካለው፣ ኮራሉ በሕይወት አለ፤ የሄዱት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትና ምግብ የሚያዘጋጁለት ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው። ሥጋው ተገፍፎ ባዶ አጽም ከቀረ ግን ያ ክፍል ሞቷል።

ከሥሩ ጀምሮ በዝግታ ሲገፈፍ

መጀመሪያ የምጠረጥረው አልካሊኒቲን፣ በውሃው ውስጥ ያለውን የካርቦኔት ክምችት፣ ነው። ኮራሉ አጽሙን የሚገነባው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ካርቦኔቱን በየቀኑ ከውሃው ይወስዳል። የተፈጥሮ ባሕር አልካሊኒቲ 7 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ገደማ ነው፤ በቤት ውስጥ ከ7 እስከ 9 ባለው መካከል የትኛውንም ብትመርጡ ኮራሉ ይኖራል። የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። በኮራል የተሞላ ገንዳ በቀን 1 ዲኬኤች ሊበላ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ጨምሮ ወዲያው የሚለካ ሰው ቁጥሩ ሁልጊዜ ያማረ ይሆንለታል፤ ኮራሎቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቁጥሩ ሲወርድባቸው ከርሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽቅብ ይወጣባቸዋል።

የእኔ ጥፋት እንዲህ ነበር። አልካሊኒቲውን በየቀኑ በትንንሹ የሚጨምረው የመመጠኛ ፓምፕ ቱቦ በጨው ተደፍኖ ሳላውቅ ቆየሁ፤ ስለካ 5.8 አገኘሁ። ደንግጬ በዚያው ምሽት 9 አደረስኩት። በሦስተኛው ቀን ከሦስት አክሮፖራዎች ሥር ሥጋው እንደ እርጥብ ወረቀት እየተላጠ በሞገዱ ሲወሰድ አየሁ። መውረዱን ችለውት ነበር፤ ያልቻሉት የእኔን ማስተካከል ነው።

ስለዚህ ያስደነገጣችሁን ቁጥር በሌላ መለኪያ ደግማችሁ አረጋግጡ። ቀጥሎ ምንም ሳትጨምሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። በሁለት ቀናት ንባብ መካከል ያለው ልዩነት የገንዳችሁ የቀን ፍጆታ ነው። ያንኑ መጠን በትንንሹ ከፋፍላችሁ በየቀኑ በመመጠኛ ፓምፕ መልሱ። የወረደውን ለማንሣት በቀን ከ0.5 ዲኬኤች አትለፉ። ለእያንዳንዱ 1 ዲኬኤች በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አብሮ ይሄዳል፤ ካልሲየሙን ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየሙን ከ1250 እስከ 1350 ጠብቁ። እነዚህ ዝግ ብለው የሚለወጡ ስለሆኑ በሳምንት አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል።

አልካሊኒቲው ካልተዛነፈ ወደ ጨዋማነቱ ሂዱ፤ መሆን ያለበት በሺህ 35 ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። የጎደለውን በጨዋማ ውሃ የሚሞላ ሰው ገንዳውን ቀስ በቀስ ከልክ በላይ ጨዋማ ያደርገዋል። የምትሞሉት የተጣራ ውሃ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ክሎራሚን የሚባል ጀርም ገዳይ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ የማጣሪያችሁ ካርቦን ካረጀ ያልፋል። መለኪያውንም በንጹሕ ውሃ ሳይሆን 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክሉት።

በአንድ ሌሊት ሲራገፍ

እዚህ ላይ መንስኤ ፍለጋ አያዋጣም፤ ሰዓታት ናቸው ያሏችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሥጋው ከሚላጥበት መስመር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ጤነኛውን ቅርንጫፍ በመቁረጫ ቁረጡ። በዝልግልግ ሱፐር ግሉ አዲስ መሠረት ላይ ለጥፉትና መካከለኛ ብርሃንና ጥሩ ሞገድ ያለበት ቦታ አኑሩት። የቀረውን አውጡ። መለካቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጫፎቹ ሲቃጠሉ

የእድገት ጫፍ ለስላሳና ሕያው ነው፤ የተቃጠለው ባዶ ሆኖ ቆይቶ አልጌ ይለብሳል። ይህ በብዛት የሚታየው አልካሊኒቲው ከ9 በላይ፣ ኮራሉ የሚመገባቸው ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ዜሮ በሆኑበት ገንዳ ነው፤ ማለትም በጣም ንጹሕ በሆነው። በዜሮ የሚኮራ ባለ ገንዳ ብዙ ነው፤ ኮራሉ ግን ተርቧል። አልካሊኒቲውን በቀናት ውስጥ ወደ 7.5 አውርዱ፣ የፎስፌት ማስወገጃውን ቀንሱ፣ ዓሣዎቹን ጠገብ አድርጋችሁ አብሉ። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ቀለሙም ይመለሳል። በተቃራኒው ኮራሉ ወደ ቡናማ ከሄደ ወይ ምግቡ በዝቷል ወይ ብርሃኑ አንሷል፤ ያስቀይማል እንጂ አይገድልም።

ሥጋው ሳይለቅ ሲገረጣ

ብርሃን ወይም ሙቀት ነው። በቅርቡ አዲስ መብራት ሰቅላችሁ ከሆነ ኃይሉን በግማሽ ቀንሱና በሦስት ወይም በአራት ሳምንት መልሱት። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን፤ ወደ 30 ሲጠጋ አልጌዎቹ ይወጣሉ። ማሞቂያው በርቶ አለመቅረቱን በሌላ ቴርሞሜትር አረጋግጡ። ውሃው ላይ የሚነፍስ ተራ ቬንትሌተር ሁለት ዲግሪ ያህል ሊያወርድ ይችላል። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር፣ በኤላትና በአቃባ ዙሪያ ያሉት ኮራሎች ሙቀት በመቋቋም የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን ከሱቅ የምትገዙት አብዛኛውን ጊዜ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ነውና በእነርሱ ዝና አትተማመኑ።

ክብ ክብ ፈዛዛ ነጠብጣብ

ውሃችሁ ሁሉ ልክ ሆኖ ኮራሉ ከታች እየመነመነ፣ ከጥላው ወገን ትንንሽ ክብ ቦታዎች ከገረጡ፣ የአክሮፖራ ጠፍጣፋ ትል ነው። ቀለሙ ከኮራሉ ጋር ስለሚመሳሰል ፊት ለፊት ብታፈጡበትም አይታይም። ኮራሉን በባልዲ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በጎማ መምጠጫ በኃይል ንፉበት፤ ከሥሩ ስስ ሞላላ ነገር ተንሳፍፎ ሲወርድ ታያላችሁ። ለኮራል በተሠራ መንከሪያ በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ ሁሉንም አክሮፖራ ንከሩ። መንከሪያው ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሎቹ በሞተው አጽም ላይ ተጠጋግተው የተለጠፉ ቡናማ ነጠብጣቦች ናቸው፤ በምላጭ ፋቋቸው፤ ብዙ ከሆኑ ያንን ክፍል ሰብራችሁ ጣሉት። አዲስ የገዛችሁትን ኮራልም ገንዳ ከመግባቱ በፊት ይዞት ከመጣው መሠረት አላቁትና በራሳችሁ መሠረት ላይ ለጥፉት፤ እንቁላሉ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው።