የሠራተኛ ወጪ በስንት እንደጨመረ እንዴት ይሰላል?

ብዙ የግል ድርጅቶች የወሩን ደመወዝ ድምር ለሠራተኛው ቁጥር ያካፍሉና ካምናው ጋር ያስተያያሉ። ቀላል ነው፤ ግን ጉድ ይሠራል።

አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። አምና 2 ጋጋሪዎች በ10,000 ብር፣ 4 ሻጮች በ5,000 ብር ይሠሩ ነበር እንበል። ዘንድሮ ጋጋሪው 12,000፣ ሻጩ 5,500 ገባ። ሁለተኛ መሸጫ ስለተከፈተ ደግሞ ሻጮቹ 8 ሆኑ። አማካዩ ከ6,667 ወደ 6,800 ብር ሄደ፤ 2 በመቶ መሆኑ ነው። ለጋጋሪው 20፣ ለሻጩ 10 በመቶ ተጨምሮ እንዴት 2 በመቶ ይሆናል? ዝቅ ያለ የሚከፈላቸው ስለበዙ ነዋ!

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የቅጥር ወጪ ኢንዴክስ (መነሻውን 100 ብሎ ለውጡን የሚያሳይ ቁጥር) ለዚህ መላ አለው፦ የሥራ መደቦቹን ድርሻ ባለበት ያቆማል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

መጀመሪያ መነሻ ወር ይምረጡና 100 ይበሉት። የበዓል ጉርሻ የሚከፈልበት ወር ባይሆን ይሻላል። ከዚያ መደቦቹን ይዘርዝሩ፤ ሰዎቹን አይደለም። ሻጭ አድጎ ተቆጣጣሪ ቢሆን የሻጭነት ዋጋ አልተነካም።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን መደብ ሙሉ ወጪ ይያዙ። ደመወዝ፣ የመጓጓዣ አበል፣ ምግብ፣ ጉርሻ ለ12 ወር ተካፍሎ። ኢትዮጵያ ውስጥ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታም ይግባ። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶና የሥራ ግብሩ ግን ከደመወዙ ላይ የሚቆረጡ ናቸው፤ ደርበው ከደመሩ ሁለቴ ቆጠሩ ማለት ነው።

አሁን የአምናውን የሰው ብዛት በዘንድሮው ዋጋ ያባዙ። ለአጭሩ ደመወዙን ብቻ ብንወስድ፣ 2 ጋጋሪ በ12,000 እና 4 ሻጭ በ5,500፣ 46,000 ብር። የአምናው 40,000 ነበር። ሲካፈል 1.15፣ በ100 ሲባዛ 115፤ የጉልበት ዋጋ የጨመረው 15 በመቶ ነው። ከ2 በመቶው ጋር ያስተያዩት እስቲ።

ጠለቅ ማለት ከፈለጉ ወጪውን በተሠራበት ሰዓት ያካፍሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ስለዚህ ነባር ሠራተኛ ደመወዙ ባይነካም የሰዓቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ትርፍ ሰዓትን ለብቻው ቢያዩት እመርጣለሁ፤ ትዕዛዝ ሲበዛ እሱም ይበዛል፣ የጉልበት ዋጋ ግን ያው ነው።

ውጤቱን ከዋጋ ንረት ጋር ማየት አይርሱ። ኢንዴክሱ 115 ሆኖ የሸቀጥ ዋጋ በ20 በመቶ ቢንር፣ 115ን ለ120 ሲያካፍሉ 0.96 ያህል ይመጣል። ወጪዎ ጨምሯል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን የሚገዛው በ4 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

የድርጅቱ መልክ ጨርሶ ሲቀየር የድሮውን የሰው ብዛት ይዞ መቆየት አያዋጣም። ያኔ በአንድ ወር ላይ አሮጌውንም አዲሱንም ስብጥር ያሰሉ። ኢንዴክሱ 115 ላይ ከነበረ አዲሱ ስብጥር ከ115 ይነሳል።