ጎንደር ተቀምጦ ጥሩ የቻይና አረንጓዴ ሻይ በኢንተርኔት እንዴት ይገዛል?

ቅዳሜ ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ይቀምሳል። በስልክ ሻይ ስንገዛ ግን ማሽተትም መቅመስም የለም። የሚቀረን መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ምንም ሳልጠይቅ ነበር። ዘንዶ የተሳለበት ቆርቆሮ አማለለኝ። ሲመጣ ቅጠሉ ቡናማ፣ ሽታው ያደረ ጭድ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሻይ በስሙ ለዩ። ሎንግጂንግ ጠፍጣፋ ቅጠል ነው፤ ሀገሩ ዤጂያንግ ግዛት፣ ሃንግዡ ከተማ አካባቢ ነው። ቢሉኦቹን ጥቃቅንና ጥምዝምዝ ያለ ነው፤ ከጂያንግሱ ይመጣል። ሁዋንግሻን ማኦፌንግ የአንሁዊ ነው። «አረንጓዴ ሻይ» ብቻ ብሎ ግዛቱን የማይናገር ሻጭ ይቅርባችሁ። ሎንግጂንግ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ስሙ ስለገነነ የሌላ አካባቢ ቅጠልም በሱ ስም ይሸጣል። ለጀማሪ ገንፓውደር የሚባለውን እመክራለሁ። እንደ ባሩድ ፍሬ የተድቦለቦለ ስለሆነ መንገድ ላይ አይደቅም፤ ዋጋውም ቀለል ይላል።

ከሁሉ በላይ ግን የተለቀመበትን ጊዜ ጠይቁ። አረንጓዴ ሻይ ሲቆይ የሚጣፍጥ ነገር አይደለም። ከዓመት ወይም ከዓመት ተኩል በላይ የቆየውን አልገዛም። ቻይናውያን ከቺንግሚንግ በዓል በፊት የተለቀመውን ያስበልጣሉ። በዓሉ በፈረንጆቹ አፕሪል 5 ገደማ ነው። በእኛ መጋቢት 27፣ የመጋቢት መድኃኔዓለም አካባቢ ማለት ነው። በብርዱ ቀስ ብሎ ያደገ እምቡጥ ስለሆነ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ 12 ገደማ የተለቀመውም በጣም ጥሩ ነው። ለየዕለቱ እኔ የምገዛው እሱን ነው።

እሽጉ ላይ ያለው ቀን ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያለ ይሄዳል። 2025.04.02 ካለ በእኛ መጋቢት 24 ቀን 2017 ነው። አንዳንዴ ይህ የታሸገበት ቀን ነው እንጂ የተለቀመበት አይደለም። ስለዚህ «በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር ተለቀመ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሁለት ፎቶ አስልኩ፤ አንዱ የደረቀውን ቅጠል፣ ሌላው በሙቅ ውኃ የተነከረውን። ሲነከር አንድ እምቡጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ለጋ ቅጠል ጋር ሙሉውን መታየት አለበት። ብናኝና እንጨት ከበዛ ተዉት። ቀለም የተቀባ የሚመስል አረንጓዴም ያጠራጥራል። የጃስሚን ሽታ የተጨመረበት ሻይ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን አበባው ደካማ ቅጠልን ይሸፍናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዘዝ 50 ግራም ይበቃል። ክፍያው በኢንተርኔት ገበያው የክፍያ ሥርዓት ውስጥ ይለፍ እንጂ በቀጥታ ለሰው አትላኩ። ከአዲስ አበባ ሻጭ በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ሻጩ እሽጉን ከነቀኑ ዛሬ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪውን ከመክፈላችሁ በፊት አስቡት።

ሲደርስ ቶሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ክደኑት። ሻይ ሽታ ይስባል። ቤታችን ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ በርበሬ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከማድ ቤት አርቃችሁ ጨለማና ደረቅ ቦታ አኑሩት።

አሁን ቅመሱት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለምትበልጥ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ለዚህ ሻይ ይበዛበታል፤ 80 ዲግሪ ግድም ይበቃዋል። ውኃው ከፈላ በኋላ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጡትና ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ለ200 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ጨምሩ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ስኳር አታድርጉበት፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ስኒ።

ቅጠሉን አትድፉት። እንደ ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። አቦሉ ላይ ጣዕሙ ካለቀ ከዚያ ሻጭ ደግማችሁ አትዘዙ። ቶናው ላይ አሁንም ከጣፈጠ፣ በረካውም ውኃ ውኃ ካላለ፣ ያኔ ትልቁን እሽግ እዘዙ።