የተሸናፊ እጩን ንግግር እንዴት መመዘን ይቻላል?

በምርጫ የተሸነፈ እጩ ሽንፈቱን ተቀብሎ ንግግር እንዲያደርግ የብዙ አገሮች ሕግ አያስገድድም። አሸናፊው የሚታወቀው በድምፅ ቆጠራ ነው፤ የተሸናፊው ቡራኬ አያስፈልገውም። ንግግሩ ግን አሸናፊው ሊሠራው የማይችለውን አንድ ሥራ ይሠራል። ያዘነውንና የተቆጣውን ደጋፊ «በቃ፣ አልቋል» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ሊሸኘው የሚችለው ራሱ ተሸናፊው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው አመዛዘን በዚህ ላይ የቆመ ነው። የንግግሩ ማማር ኋላ ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ መረጃውን ይሰብስቡ

ሙሉውን ቪዲዮና ቃል በቃል የተገለበጠውን ጽሑፍ ያግኙ። ቀድሞ ለጋዜጠኞች የተበተነው ጽሑፍ አይበቃም፤ ተናጋሪ መድረክ ላይ ይጨምራል፣ ይዘላል፣ አንዳንዴም ዋናዋን ዓረፍተ ነገር ይውጣታል። በሌላ ወረቀት ላይ ድምፅ መስጠቱ መቼ እንዳበቃ፣ ውጤቱ መቼ እንደታወቀ፣ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ መኖር አለመኖሩንና ንግግሩ በስንት ሰዓት እንደተደረገ ይጻፉ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ይመልከቱት፤ መጀመሪያ ሳያቆሙ፣ ቀጥሎ ብዕር ይዘው። ከሠላሳ ሰከንድ ቅንጭብ ተነስቶ መፍረድ አይሆንም። ዜና ቆርጦ የሚያሳየው እንባውን ወይም ቀልዱን ነው።

2. የመቀበያዋን ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ (30 ነጥብ)

ሽንፈቱን የሚያምነው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ከሥሩ ያስምሩ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ባለቤቱ ማን ነው? «ተሸንፌያለሁ» ያለ ሰው ነገሩን በራሱ ላይ አስሮታል፤ «ውጤቱ ይፋ ተደርጓል» ያለው ግን እንደ ዜና አንባቢ ነው የተናገረው። ቅድመ ሁኔታ አለው? «ቆጠራው ትክክል ከሆነ» የሚል ሐረግ ከተለጠፈበት መቀበል አይባልም። ስንተኛው ደቂቃ ላይ መጣ? ሃያ ደቂቃ የቅሬታ ዝርዝር ቆይቶ የመጣ መቀበል አዳራሹ ከነደደ በኋላ የደረሰ ውኃ ነው።

የቃላት ቅደም ተከተልም ትርጉም ይለውጣል። «በውሳኔው ባልስማማም እቀበለዋለሁ» እና «ብቀበለውም አልስማማም» የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ቃላት ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹን ይዞ የሚቀረው ግን አድማጩ ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው ነው። በአሜሪካ የፕሬዚዳንትነት እጩ የነበረው አል ጎር በዲሴምበር 13 ቀን 2000 የተናገረው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው። ምርጫው ከተካሄደ 36 ቀን አልፎታል፣ የድምፅ ድጋሚ ቆጠራውን ያስቆመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የወጣው በዋዜማው ነው፤ በውሳኔው ፈጽሞ እንደማይስማማ ተናግሮ እንደሚቀበለው ገለጸ። ቅሬታን መናገር ነጥብ አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው ቅሬታው የመጨረሻውን ቃል ሲወስድ ነው።

በግልጽ «ይህ ሽንፈትን የመቀበል ንግግር አይደለም» የሚሉም አሉ። ስቴሲ አብራምስ በ2018 የአሜሪካዋን የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥነት ስታጣ ያለችው ይህንኑ ነው፤ ተቀናቃኟ አሸናፊ ተብሎ እንደሚጸድቅ ግን አልካደችም። እንዲህ ያለውን ንግግር በዚህ ሚዛን አይመዝኑት፤ ዓይነቱ ሌላ ነውና ለብቻው ይታይ።

3. አሸናፊው እንዴት ተጠራ? (15 ነጥብ)

በስሙ ወይስ «ሌላው ወገን» ተብሎ? ስልክ ተደውሏል? መልካም ምኞቱ ለሰውየው ብቻ ነው ወይስ ለሚመራው ሥራም ጭምር? ስም ሳይጠሩ ማመስገን ዓይን ሳያዩ እጅ እንደመጨበጥ ነው፤ ከግማሽ በላይ አይስጡት።

4. ሕዝቡን ይመልከቱ (25 ነጥብ)

አብዛኛው ገምጋሚ የሚዘለው ይህንን ነው። አሸናፊው ሲጠራ አዳራሹ መጮኹ አይቀርም፤ ተናጋሪው ያኔ ምን አደረገ? በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በባራክ ኦባማ የተሸነፈው ጆን ማኬይን በኖቬምበር 4 ቀን 2008 ምሽት ፊኒክስ ላይ ደጋፊዎቹ በኦባማ ስም ሲያጉረመርሙ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው፤ ቀጥሎም ያ ድል ለጥቁር አሜሪካውያን ምን ማለት እንደሆነ ነገራቸው። ሙሉ ነጥብ የሚገባው እንዲህ ላለው ነው። ጩኸቱ እስኪበርድ ፈገግ ብሎ የሚጠብቅ ተናጋሪ ግን አፉ ተቀብሎ ፊቱ እየካደ ነው። የጽሑፍ ግልባጭ ይህንን አያሳይም፤ ቪዲዮ የግድ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ኀዘን አይከለከልም። ደጋፊው ወራት የሠራበት ነገር ፈርሶበታል፣ «አይዟችሁ» መባል ይገባዋል። ግን ማጽናናትና ማስቆጣት ይለያያሉ፤ «ሠርታችኋል፣ አልሆነልንም» ያጽናናል፣ «ተቀምታችኋል» ያስነሳል።

5. ጥፋቱ የማን ተባለ? (15 ነጥብ)

ማኬይን ጉድለቱ የእኔ እንጂ የእናንተ አይደለም ብሏል። ሪሺ ሱናክ በ2024 ከብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲሰናበት ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቋል። በተቃራኒው ሪቻርድ ኒክሰን በ1962 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥነትን ሲያጣ አሸናፊውን እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ነበር፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ከእንግዲህ የምትረግጡት ኒክሰን አይኖርም ብሎ በጋዜጠኞች ላይ ያወረደውን ምሬት ነው። አንድ የምሬት ዓረፍተ ነገር አሥር የጨዋነት ዓረፍተ ነገሮችን ይበላል፤ ነጥብ ሲሰጡ በአማካይ አያስሉት። (ኒክሰን ከስድስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ የንግግር መበላሸት ሁልጊዜ የፖለቲካ ሞት አይደለም።)

6. ነገ እና አቀራረብ (10 እና 5 ነጥብ)

«ትግላችን ይቀጥላል» የማይል የለም ማለት ይቻላል። በምን መንገድ? በምክር ቤት፣ በሚቀጥለው ምርጫ፣ በፍርድ ቤት ካለ ጥሩ ነው። መንገዱን ሳይጠራ ካለፈ 10ሩን በግማሽ ይቁረጡ። ቋንቋ፣ ቀልድና ርዝመት በአንድ ላይ ከ5 አይለፉ። አነጋገሩ ያማረ ሰው ሌላውን ጉድለት ሁሉ ስለሚሸፍን ነው ይህን ያህል ያነሰው።

7. ይደምሩ፣ ከዚያ ይጠራጠሩ

ድምሩ ከ100 ነው፤ ግን አንድ ጣሪያ ያስቀምጡ፤ በ2ኛው ከ10 በታች ያገኘ ንግግር ሌላው ምንም ቢያምር ከ40 አይለፍ። ሲጨርሱ ጽሑፉን የእጩዎቹን ስም አቀያይረው እንደገና ያንብቡ። ነጥብዎ ከተለወጠ ሲመዝኑ የነበሩት ሰውየውን ነው። ከተቻለ የሌላ ወገን ደጋፊ የሆነ ሁለተኛ ሰው ለብቻው ይመዝን፤ በአንዱ ክፍል ከ10 ነጥብ በላይ ከተለያያችሁ ዓረፍተ ነገሩን አውጥታችሁ ተነጋገሩበት።

ጊዜን ለብቻው ይዩት፤ ፈጥኖ መናገር በራሱ ነጥብ የለውም። የናይጄሪያው ጉድላክ ጆናታን በ2015 ውጤቱ በይፋ ተጠቃሎ ሳይታወጅ ለሙሐማዱ ቡሃሪ መደወሉ፣ የላይቤሪያው ጆርጅ ዊያም በ2023 ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ውጤት ሳይወጣ መቀበሉ ብዙ ውጥረት አርግቧል። ግን በ2017 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በ2020 ደግሞ የማላዊ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሰርዘዋል። በሁለቱም አገር ውጤቱን አልቀበልም ብለው የተከራከሩት ፍርድ ቤት ረትተዋል። ክሱ በማስረጃ የተደገፈና በችሎት ያለ ከሆነ ፍርዱ እስኪሰጥ መዝገቡን ክፍት ያቆዩ።

በመጨረሻ ወረቀቱን ለአንድ ወር አይጣሉት። የጋምቢያው ያህያ ጃሜ በዲሴምበር 2 ቀን 2016 ሽንፈቱን በቴሌቪዥን ተቀብሎ አሸናፊውን አዳማ ባሮን እንኳን ደስ ያለህ ብሏል። በዚያ ቀን ለተመዘነ ንግግሩ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኝ ነበር። በሳምንቱ ዲሴምበር 9 ሐሳቡን ቀየረ፤ ከሥልጣን ወርዶ ከአገር የወጣውም የጎረቤት አገሮች ጦር ከገባ በኋላ በጃንዋሪ 2017 ነው። ስለዚህ የንግግሩን ነጥብ ሳይነኩ ከጎኑ «ከዚያ በኋላ» የሚል ሁለተኛ ዓምድ ይክፈቱና ቃሉን የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ድርጊት በታየ ቁጥር ቀኑን ጨምረው ይመዝግቡ።